ጉልበት ያለው ፈቂር፦ ሥራ ያጣ ወጣትና ዘካ በአዊ ዞን

በየዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ የመስጂድ የዘካ ኮሚቴዎች የተረጂዎችን መዝገብ ይከፍታሉ። በመዝገቡ የሚሰፍሩት ስሞች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ባሏ የሞተባት እናት፣ የቲም፣ አቅመ ደካማ አዛውንት፣ ሕመምተኛ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ደረሳ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በእንጅባራ፣ በዳንግላና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ሌላ ዓይነት ሰው ለመዝገቡ ቀርቧል። ዕድሜው ከሃያ እስከ ሠላሳ ነው፤ ክንዱ የጠነከረ፣ አካሉ የተሟላ፣ ብዙ ጊዜም የተማረ ነው። እንዲመዘገብ የሚጠይቁለት እናቱ ወይም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እርሱ ራሱ ያፍራል። ኮሚቴውም ያመነታል። ጤነኛ ልጅ አይደለምን? ሄዶ አይሠራምን? ይባልና ስሙ ሳይጻፍ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ማመንታት ነው። ማመንታቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ዘካ ለብርቱ ሠራተኛ እንደማይሰጥ የሚያስረዳ ሐዲስ አለ። ይሁን እንጂ ሐዲሱ የትኛውን ብርቱ እንደሚመለከት፣ ፉቀሃእም እንዴት እንደተረዱት ሳይጠየቅ በግርድፉ ሲወሰድ፣ መብት ያለው ሰው ከመብቱ ይከለከላል። ወደ ፊቅሁ ከመግባታችን በፊት ግን ወጣቱ ሥራ ያጣበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። የዑለማእ ወግ እንደሚያስተምረን በአንድ ነገር ላይ ብይን የሚሰጠው የነገሩ ምንነት ከታወቀ በኋላ ነው።

የዛፉ ነገር

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው አዲስ ቅዳምን ሲያልፍ ግራና ቀኙን የያዘውን የዲከረንስ ደን ሳያይ አይቀርም። አካሺያ ዲከረንስ መነሻው አውስትራሊያ የሆነ፣ በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ በብዛት የተከለው መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ጤፍና ገብስ መስጠት ስላቃተው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አንድ ላይ ያሳድገዋል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ከዛፎቹ ሥር የሚበቅለውን ሣር ለከብቶቹ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም አርፎና ለምቶ ወደ ጤፍ ይመለሳል። የደን መመናመን መርዶ በሚሰማበት አገር፣ ከሰል የሚያከስል ወረዳ ደኑ ጨምሮ መገኘቱ ብዙ ተመራማሪዎችን ያስገረመ ነገር ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ዛፉ የፈጠረው የሥራ ሰንሰለት ነው። ችግኝ የሚያፈላው አንድ፣ የሚተክለው ሌላ ነው። ዛፉ ሲደርስ ቆራጩ ይመጣል፤ ግንዱን የሚከምረው፣ በሣርና በአፈር የሚሸፍነው፣ ቀንና ሌሊት ጭሱን እየተመለከተ የሚጠብቀው፣ ከሰሉን በጆንያ የሚሞላው፣ በትከሻው ተሸክሞ አይሱዙ ላይ የሚጭነው ሁሉ እንጀራውን ከዚያው ያገኛል። ደላላው፣ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ለሠራተኞቹ ምግብ የምታቀርበው ሴት፣ ጆንያና ገመድ የሚሸጠው ባለ ሱቅ እንዲሁ። ከሰሉ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ነበር። መሬት የሌለው ወጣት ጉልበቱን ብቻ ይዞ ገብቶ ደመወዝ የሚያገኝበት እንዲህ ያለ ገበያ በክልላችን ገጠር ብዙ አይገኝም።

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዚህ ዛፍ ላይ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ወረደ። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቅርንጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ለጋው ችግኝ ሳያድግ ይደርቃል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተከለ አገር አንድ በሽታ ሁሉን ይነካል። ገበሬው ተክሉን ሲተው፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ጫኝና ቆራጭ ማንም ሳያሰናብተው ሥራ አጥ ሆነ። የሥራ ስንብት ደብዳቤ የሌለው ሥራ አጥነት በመንግሥት መዝገብም ሆነ በመስጂድ መዝገብ ለመታየት አስቸጋሪ ነው።

ሌሎቹም በሮች በተመሳሳይ ዓመታት ጠበቡ። የጎጃም ወጣት በአጨዳ ወራት ሳሉግ ሆኖ ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች መውረዱ የቆየ ልማድ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ይህን አናጋው። ከቻግኒ ባሻገር ያለው የመተከል ቆላ የእርሻና የቀን ሥራ መገኛ ነበር፤ በዚያ የደረሰው ጥቃት የቀን ሠራተኛውን ማስቀረቱ ሳያንስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ወደ ቻግኒ አምጥቶ በራንች መጠለያ አሰፈረ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ የጭነት መኪና እያቆመ፣ ገበያ እየበተነ ቆየ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣውን ጨርቅ፣ ስልክና መለዋወጫ የሚቸረችር ወጣት በያዘው ገንዘብ የሚያነሣው ዕቃ ቀድሞ ያነሣው ከነበረው በእጅጉ አነሰ። ገንዘቡ አልተሰረቀም፣ አልከሰረምም፤ መግዛት ግን አልቻለም።

ይህ የመጨረሻው ምት በሙስሊሙ ላይ የበረታበት ታሪካዊ ምክንያት አለ። ሙስሊሙ በአዊ ከሕዝቡ ጥቂቱ ነው። በቀድሞው ሥርዓት በደጋማው የክርስቲያን አገር የርስት መሬት ስላልተፈቀደለት ኑሮውን በንግድ፣ በሽመናና በመሰል ሙያዎች ላይ መሠረተ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን በሕግ ቢሽረውም፣ በከተማ የሰፈረው ቤተሰብ ሱቁን እንጂ ማሳን ለልጁ አላወረሰም። የገበሬ ልጅ ከሰሉ ሲቆም ወደ አባቱ ድንችና ገብስ ይመለስ ይሆናል፤ የነጋዴ ልጅ ሱቁ ሲዘጋ የሚመለስበት ጓሮ የለውም። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌሎች ተመርቆ የተመለሰውም የመንግሥት ቅጥር እየጠበቀ ዓመታት ይቆጥራል።

እንግዲህ ኮሚቴው ፊት የቀረበው ወጣት ይህ ነው። ስለ እርሱ ሸሪዓው ምን ይላል?

ብርታትና ገቢ

አቡ ዳውድና ነሳኢ እንደዘገቡት፣ በስንብቱ ሐጅ ወቅት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ ሲያከፋፍሉ ሁለት ሰዎች ቀርበው ጠየቋቸው። ከላይ እስከ ታች ተመለከቷቸው፤ ጠንካሮች ሆነው አገኟቸው። ከፈለጉ እንደሚሰጧቸው፣ ነገር ግን ሀብታምም ሆነ ሠርቶ የሚያገኝ ብርቱ በዘካ ውስጥ ድርሻ እንደሌለው ነገሯቸው።

በኹጥባዎቻችን የሐዲሱ መጨረሻ ይጠቀሳል፤ ሁለት ነገሮች ግን ይዘለላሉ። አንደኛው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተጠቀሙበት ቃል ነው። «ብርቱ» ብለው አላበቁም፤ «ሙክተሲብ»፣ ማለትም ገቢ የሚያገኝ፣ የሚለውን ጨመሩበት። ቲርሚዚና አቡ ዳውድ የዘገቡት ሌላ ሐዲስ አካሉ የተሟላ ብርቱን በጥቅሉ የሚጠቅስ ቢሆንም፣ በኡሱል ሕግ ልቅ የሆነው ቃል በተገደበው ይተረጎማል። ስለዚህ ከዘካ የሚያግደው ጡንቻው ሳይሆን ገቢው ነው። ሁለተኛው፣ ምርጫውን ለሰዎቹ መተዋቸው ነው። የውስጥ ሁኔታቸውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ ሕጉን ነግረው ለኅሊናቸው ተዉት፤ ምስክር አምጡ አላሏቸውም። የሻፊዒ ፉቀሃእ ከዚህ በመነሣት ገቢ የለኝም ያለ ሰው ያለ ምስክር እንደሚታመን ወስነዋል። ምስክር የሚጠየቀው ሀብት እንዳለው የታወቀ ሰው ሀብቴ ጠፋ ሲል ነው።

በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ነወዊ በአል መጅሙዕ ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጠውታል። ሠርቶ ማግኘት የሚችል ሰው የሚያሠራው ካጣ ዘካ ይፈቀድለታል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሰው በተግባር አቅመ ቢስ ነው። ከዚህ በላይ ለዘመናችን የቀረበ ንግግር ማግኘት ይከብዳል። አቅመ ቢስነት በአካል ብቻ አይለካም፤ ገበያውም ሰውን አቅመ ቢስ ያደርጋል። ነወዊ ከዚህ ጋር ሁለት ሰዎችን ለይተው ያስቀምጣሉ። የሸሪዓ ዕውቀት የሚቀስም፣ ሥራ ቢይዝ ትምህርቱ የሚቋረጥበት ደረሳ ዘካ ይፈቀድለታል፤ በትርፍ ዒባዳ ተጠምጄ ሥራ አልሠራም የሚል ግን አይፈቀድለትም። የዕውቀቱ ጥቅም ለሕዝብ ይተርፋል፤ የሱናው ሰላት ጥቅም በባለቤቱ ላይ ይቀራል። ከዙህር እስከ ዐስር መስጂድ ውስጥ የሚቀመጠውን ወጣት ሁሉ በአንድ ዓይን የምናይ ኢማሞች ይህን ልዩነት ልናስተውለው ይገባል።

የሐነፊ መዝሀብ በዚህ ረገድ ከሻፊዒውም የሰፋ ነው። በ593 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት መርጊናኒ በሂዳያ እንዳሰፈሩት፣ ከኒሷብ በታች ያለው ሰው ጤነኛና ሠርቶ አዳሪ ቢሆን እንኳ ዘካ ቢሰጠው ይበቃል። የሐነፊ ፉቀሃእ መለኪያቸው የያዘው ሀብት ስለሆነ በጉልበቱ ላይ አልተመሠረቱም። እንግዲህ በሀገራችን በስፋት ከሚቀሩት ሁለት መዝሀቦች በየትኛውም ብንሄድ፣ ሥራ ፈልጎ ያጣን ወጣት ከመዝገብ የሚያወጣ ማስረጃ አናገኝም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሥራ ቢገኝ፣ ግን ወጣቱ አልፈልገውም ቢልስ? ዲግሪ ይዤ ጆንያ አልሸከምም ያለ ምን ይባላል? ነወዊ የሚታሰበው ሥራ ለሰውየው ሁኔታና ክብር የሚስማማው መሆኑን፣ የማይስማማው እንደሌለ እንደሚቆጠር ጽፈዋል። ይህን ይዞ የሚከራከር ተመራቂ አይጠፋም። በእኛ አመለካከት ግን «የሚስማማ» የሚለው ሚዛን የአገሩ ልማድ ነው፤ ዛሬ በእንጅባራ ተመራቂ ባጃጅ ቢነዳ፣ ስልክ ቢጠግን፣ ድንች ቢነግድ የሚንቀው የለም። ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ፣ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲሶች ተዘግቧል። ክብሩን የሚነካ ሥራ አለ፤ ሥራ ሁሉ ክብሩን የሚነካው ወጣት ግን ዘካ ሳይሆን ምክር ይሰጠው። ከዚያ የተለየውን፣ ማለትም ጠዋት ወጥቶ የቀን ሥራ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለሰውን፣ ከእርሱ ጋር መደባለቅ በደል ነው።

መጥረቢያውን የገዛው ማን ነበር?

ስለ ሥራ በሚሰጡ ኹጥባዎች ሁሉ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ የመጥረቢያው ሐዲስ። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና አቡ ዳውድ የዘገቡት ነው፤ ቲርሚዚ የዘገባውን አንድ ክፍል ሐሰን ሲሉት፣ ሌሎች ሙሐዲሶች በሰንሰለቱ ላይ ነቀፌታ አላቸው። ገመድ ይዞ እንጨት ለቅሞ መሸጥ ከልመና እንደሚሻል የሚናገረው የቡኻሪ ሐዲስ ግን ጥቅል ሐሳቡን ያጸናዋል። ታሪኩ ከሚምበር ሲነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቀርባል፤ አንድ ሰው ሊለምን መጣ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሂድና እንጨት ቁረጥ አሉት፤ እናንተም ወጣቶች ሆይ ሂዱና ሥሩ!

በዘገባው ያለው ግን ከዚህ የሰፋ ነው። ለማኙን አንሷሪ በመጀመሪያ የጠየቁት በቤቱ ምን እንዳለው ነው። የሚለብሱትና የሚያነጥፉት አንድ ምንጣፍ፣ ውኃ የሚጠጡበትም አንድ ዋንጫ ብቻ ነበራቸው። አስመጧቸውና በሰሐቦች ፊት ለጨረታ አቀረቧቸው። አንዱ አንድ ዲርሀም አለ፤ ማን ይጨምራል ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቁና በሁለት ዲርሀም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሀም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣ እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። ከዚያ በኋላ ነው እንጨት እንዲቆርጥና እንዲሸጥ የላኩት፤ ለአሥራ አምስት ቀንም ቀጠሩት። ሲመለስ አሥር ዲርሀም ይዞ ነበር።

ይህን በዝርዝር ያነበበ ሰው፣ «ሂድና ሥራ» የሚለው ቃል የመጣው በመጨረሻ መሆኑን ያያል። ከእርሱ በፊት ያለው ሁሉ ሌላው ወገን የሠራው ሥራ ነው፤ ያለውን ማጣራት፣ ለዕቃው የተሻለ ዋጋ ማፈላለግ፣ የዛሬውን ራት ከነገው መሣሪያ ለይቶ መመደብ፣ መሣሪያውን ለሥራ ብቁ ማድረግ፣ ቀጠሮ መያዝ። እኛ ከሚምበር የምናስተላልፈው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ከሆነ፣ ከሱናው የወሰድነው ለእኛ ቀላሉን ክፍል ነው።

ለአዊ ደግሞ ሐዲሱ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስታውሳል። ያ ሰሐባ መጥረቢያውን ይዞ ሲሄድ የሚቆርጠው እንጨት፣ የሚሸጥበትም ገበያ ነበረው። በፋግታ ለኮማ ያለው ወጣት መጥረቢያ አልጎደለውም፤ የጎደለው ዛፉና ወደ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ለእርሱ መጥረቢያ መስጠት ሐዲሱን መተግበር አይደለም። የሚሠራ ገበያ ያለው ሥራ ፈልጎ፣ የዚያን ሥራ መሣሪያ ማቅረብ ነው።

ስንት፣ እንዴት?

በብዙ መስጂዶቻችን የተሰበሰበው ዘካ ለተመዘገበው ሁሉ እኩል ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል አንድ መስጂድ 300 ሺህ ብር ሰበሰበ እንበል፤ 150 ሰው ቢመዘገብ ለእያንዳንዱ 2 ሺህ ብር ይደርሳል። ለአሮጊቷ እናት የዒድ ወጪዋን ይሸፍንላታል፤ መልካም ነው። ወጣቱ ግን በዚያው ሳምንት ጨርሶት በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

የሻፊዒ ፉቀሃእ ያስቀመጡት መንገድ ሌላ ነው። በመዝሀቡ በተመረጠው አስተያየት ለፈቂር የሚሰጠው ዕድሜውን የሚያብቃቃው ነው፤ ይህም የሚሆነው እንደየሙያው ነው። ሙያ ያለው የሙያውን መሣሪያ ይገዛለታል፤ ነጋዴ መነሻ ካፒታል ይሰጠዋል። ነወዊ መጠኑን በምሳሌ ሲያሳዩ፣ ጎመን ለሚሸጥ አምስት ወይም አሥር ዲርሀም፣ ለጌጣጌጥ ነጋዴ አሥር ሺህ ዲርሀም ይላሉ። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው፤ ግን ማንም አልተበደለም፤ መለኪያው ከመደቡ ላይ ቆሞ መሥራት መቻሉ ነውና። የጉልት ነጋዴዋን ጥቂት ሺህ ብር ሲያቋቁማት፣ ልብስ ሰፊው መኪና፣ በያጁ የብየዳ መሣሪያ ይፈልጋል። በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች የታወቀው ልክ የአንድ ዓመት ፍጆታ ነው፤ ሐነፊዎች ለአንድ ሰው ኒሷብ የሚሞላ ገንዘብ መስጠትን ይጠሉታል፣ ዕዳ ያለበትንና ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሲቀር። በሐነፊ ፊቅህ የሚሠራ ጀማዓ ቢኖር እንኳ በዚህ ልክ ብዙ ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ኮሚቴው ከሚሰበስበው ላይ ከፊሉን ለአቅመ ደካሞች እንደ ወትሮው አካፍሎ፣ ከፊሉን በየዓመቱ ለጥቂት ወጣቶች መቋቋሚያ ቢያውል ከፊቅህ አይወጣም። ስምንቱ ክፍሎች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ሲዘረዘሩ ገንዘቡ በእኩል ይቆራረስ አልተባለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዘካ የተቀባዩ ሀብት መሆን አለበት፤ ዘካ ከፋዩ በራሱ ፈቃድ ገንዘቡን ወደ ዕቃ ለውጦ መስጠቱን ሻፊዒዎች አይቀበሉትም። መውጫው ቀላል ነው፤ ወጣቱ ኮሚቴውን መኪናውን እንዲገዛለት ወኪል ያደርጋል፤ ውክልናውም በጽሑፍ ይያዛል። ዕቃው የወጣቱ ነው፤ ኮሚቴው በኋላ ልመልሰው ሊል አይችልም። ዘካን በብድር መልክ ሰጥቶ ማስመለስ የሚፈልጉ ኮሚቴዎች አሉ፤ ሐሳባቸው ቀና ቢሆንም በቀደምት ፉቀሃእ ዘንድ አልተፈቀደም። ለቀርድ ሐሰን የሚሆነው ሰደቃና የወቅፍ ገቢ ነው።

ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያዋጣ ለመወሰን ኢማም ብቻውን አይበቃም። የዳንግላ ገበያ ስንት ልብስ ሰፊ እንደሚሸከም የሚያውቀው ነጋዴው ነው። አምስት ወጣቶች በአንድ ዓመት አምስት የፀጉር ማስተካከያ ቤት በአንድ ሰፈር ቢከፍቱ አምስቱም ይዘጋሉ። ሁሉም አንድ ዛፍ ሲተክል የደረሰውን አይተናል።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ራሱ በዚህ ዘመን እየቀነሰ ነው የሚል ስሞታ ይሰማል፤ ከፊል ምክንያቱ ኒሷብ ነው። የወርቅ ዋጋ በብር ሲንር 85 ግራም ወርቅ የሚያህል ሀብት ያለው ሱቅ ጥቂት ሆነ፤ ብዙ ነጋዴ ከእንግዲህ ዘካ የለብኝም ብሎ ተቀምጧል። የንግድ ሸቀጥን በ595 ግራም ብር ማዕድን መለካት በዘመናችን ብዙ ዑለማእ ለፈቂሩ የሚበጅ ብለው የመረጡት ነው፤ እኛም ወደዚሁ እናዘነብላለን። ከዚህም ሌላ፣ ችግር ሲበረታ ባለ ሀብቱ የሚመጣውን ዓመት ዘካ አስቀድሞ እንዲሰጥ ማበረታታት ይቻላል፤ አባስ (ረ.ዐ.) ዘካቸውን ከጊዜው በፊት ለመክፈል ጠይቀው እንደተፈቀደላቸው ተዘግቧል።

ባለ ዕዳው ወጣት

ከፈቂሩ ጎን የሚረሳ ሌላ የዘካ ባለ መብት አለ፤ ጋሪም፣ ማለትም ባለ ዕዳ። በከሰሉ ገበያ አንዳንድ ወጣት ቆሞ ያለውን ዛፍ በግምት ከገበሬው ገዝቶ፣ ገንዘቡን ተበድሮ ከፍሎ ነበር። በሽታው ገባ፣ ወይም መንገዱ ተዘጋ፤ ከሰሉ ሳይሸጥ ዕዳው ቀረ። ብዙዎች ዕዳውን ሸሽተው አገር ለቀዋል።

ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል ኹድሪ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስ ለዚህ በጣም የቀረበ ነው። አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ጉዳት ደርሶበት ዕዳው በዛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ፤ የተሰበሰበው ዕዳውን አልሞላም። ከዚያም ለአበዳሪዎቹ ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ በላይ እንደሌላቸው ነገሯቸው። እዚህ ሁለት ወገን ተነክቷል፤ ጀማዓው እንዲያዋጣ፣ አበዳሪውም እንዲታገሥ። ሱረቱል በቀራህ 280ኛ አንቀጽም ለተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ መስጠትን ያዝዛል። አበዳሪውና ተበዳሪው ብዙ ጊዜ በአንድ ሶፍ የሚሰግዱ ናቸውና፣ ኢማሙ ሁለቱን አስቀምጦ ማነጋገር ይችላል። ወጣቱ ወደ ስደት ከመሄዱ በፊት መሆን አለበት እንጂ።

ወለድና ጎረቤት

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ማቋቋሙ ይታወሳል። በብድሩ ላይ ወለድ በመኖሩ ብዙ ሙስሊም ወጣት ሳይጠጋው ቀርቷል። እምነቱን ጠብቆ መራቁ የሚያስመሰግነው ነው፤ ግን ሐራሙን ነግረን ሐላሉን ካላሳየነው ሸክሙን ብቻ አሸክመነዋል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችና መስኮቶች ተስፋፍተዋል፤ ነገር ግን ዋስትናና መነሻ ለሌለው ወጣት ባንክ ሩቅ ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ሙዳረባ ነው። በከተማው ያለ ነጋዴ ገንዘቡን፣ ወጣቱ ጉልበቱን አዋጥተው ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ የሚካፈሉበት ይህ ውል አባቶቻችን የሲራራ ንግድ ሲነግዱ በልማድ ያውቁት የነበረ ነው። ዛሬ የሚያስፈልገው በጽሑፍ ማድረግና ኪሳራ ቢመጣ ማን ምን እንደሚሸከም አስቀድሞ መግለጽ ነው፤ ወጣቱ ካላጠፋ በቀር የገንዘቡ ኪሳራ የባለ ገንዘቡ ነው።

የጎረቤቱም ጉዳይ አለ። በአንድ የከሰል ክምር አጠገብ አብረው ያደሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ወጣቶች አብረው ሥራ አጥተዋል። ዘካ በብዙኃኑ ፉቀሃእ ዘንድ ለሙስሊም ፈቂር የተወሰነ ነው። ሰደቃና ወቅፍ ግን አይደሉም፤ ሱረቱል ሙምተሒናህ 8ኛ አንቀጽ ለማይዋጉን ሰዎች በጎ መዋልን አይከለክልም፤ አቡ ሐኒፋም ከዘካ ውጭ ያለውን ምጽዋት ለእነርሱ መስጠትን ፈቅደዋል። በመስጂዱ አጥር የተሠሩ የኪራይ ሱቆች ባሉባቸው ከተሞች ከኪራዩ ጥቂቱ ለሙያ ሥልጠና ቢውል፣ በዋቂፉ ሸርጥ እስካልተከለከለ ድረስ፣ ሥልጠናው የጎረቤትን ልጅ ቢጨምር የሚነቀፍ አይሆንም። በየከተማው የሚገኙት የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አስተማሪና መሣሪያ አላቸው፤ የሠልጣኙን የምሳና የቤት ኪራይ ወጪ የሚሸፍን ግን የላቸውም። ብዙው ሠልጣኝ የሚያቋርጠው በዚያ ምክንያት ነው።

የአሥራ አምስቱን ቀን ቀጠሮ ነገር እንጨርስ። የስፌት መኪና የተገዛለት ወጣት በአሥራ አምስት ቀን አሥር እጥፍ አያመጣም፤ ከረመዳን እስከ ዐረፋ ያለው ጊዜ ለመጀመሪያ ቀጠሮ የተመቸ ነው፤ የዒድ ልብስ የሚሰፋበት ወቅትም ነውና። በቀጠሮው ቀን የሚጠይቀው ሰው ስሙ በመዝገብ ላይ ይታወቅ፤ ከኮሚቴው አንዱ፣ በተለይም በዚያው ሙያ የቆየ ቢሆን ይመረጣል። ወጣቱ ሳይሳካለት ከመጣ፣ በስንፍና ይሁን በገበያ ይጣራ። ገበያው ከሆነ ያጠፋው ድህነቱ አልተነሣምና በሚቀጥለው ዓመትም የዘካ ባለ መብት ነው፤ ስሙን ከመዝገቡ ማውጣት አይገባም።